ሪማስተሩ ተሻለ ወይስ ጮኸ?

ሰ፦ ጤና ይስጥልን፤ ከባሕር ዳር ነን። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልን። መስኮት ከዘጋን በሙቀት ማለቃችን ነው።

ደ፦ ሙቀቱስ ይቻላል፤ መብራት ብቻ አይሂድብን።

ሰ፦ ከደብረ ማርቆስ አንድ አድማጫችን ጥያቄ ልኮልናል። ጆይ ዲቪዥን የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ አልበም «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን በሁለት ቅጂ አግኝቷል። አንዱ የድሮው ሲዲ ነው፤ አንዱ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ሪማስተር ተደርጎ፣ ማለት ያለቀው ቅጂ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣው። «አዲሱ ገና ሲጀምር ይይዘኛል፤ ግን እስከ መጨረሻ አልዘልቀውም። ጆሮዬ ነው ወይስ ሲዲው?» ይላል።

ደ፦ አዲሱ ይሻላላ! ይኼ ምን ያጠያይቃል?

ሰ፦ ቆይ ወንድም ዓለም፣ አትቸኩል። መጀመሪያ አልበሙን ለማያውቅ ሰው ንገርልኝ።

ደ፦ እሺ። ከማንችስተርና ከአካባቢው የተነሱ አራት ልጆች ናቸው። ኢያን ከርቲስ ይዘፍናል፣ በርናርድ ሰምነር ጊታር፣ ፒተር ሁክ ባስ፣ ስቲቨን ሞሪስ ድራም። አልበሙ የወጣው ሰኔ 1979 ላይ ነው፤ በኛ ሰኔ 1971 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላም ዓመቱን በነሱ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ያወጣላቸው ፋክተሪ ሬከርድስ የሚባል ትንሽ የማንችስተር ኩባንያ ነው።

ሰ፦ እኛ ጋ ደርግ፣ እዚያ ፓንክ የሚባለው ፈጣንና ጯሂ ሮክ ግርግሩ ጋብ ሲል።

ደ፦ ፖስት ፓንክ የሚባለውም ለዚያ ነው። የፓንክ ጉልበት አለው፤ ግን ሰከን ያለ፣ ጨለም ያለ ሙዚቃ ነው። ባሱ ከፍ ብሎ ዜማውን እሱ ይይዘዋል። ጊታሩ አልፎ አልፎ ገብቶ ይወጣል። አልበሙ ከወጣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከርቲስ በግንቦት 1980 ራሱን አጠፋ። ሁለተኛው አልበማቸው የወጣው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ሰ፦ ዛሬ የኔ ሰውዬ ግን ከአራቱ አንዱም አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ነው፤ ማርቲን ሃኔት።

ደ፦ መጣች!

ሰ፦ መጣሁ። ስቶክፖርት ውስጥ ስትሮቤሪ የሚባል ስቱዲዮ አስገባቸው። ያኔ ዲጂታል ዲሌይ፣ ድምፅን አዘግይቶ እንደ ማሚቶ የሚደግመው መሣሪያ፣ ገና አዲስ ነገር ነው። እሱ ድራሙ ላይ ሳይቀር ተጠቀመበት። ጠርሙስ ሲሰበር ቀዳ። ሰው ቺፕስ ሲበላ ቀዳ። የስቱዲዮውን አሳንሰር ሳይቀር ቀዳ። «ኢንሳይት» የሚለው ዘፈን ላይ ደግሞ የከርቲስን ድምፅ በስልክ መስመር አሳልፎ ነው የቀዳው፤ ራቅ ብሎ እንዲሰማ።

ደ፦ ልጆቹ ግን አልወደዱለትም። ይኼንን አትዝለይ።

ሰ፦ አልዘልም፤ የኔም ክርክር እዚያ ላይ ነው ያለው። ሁክና ሰምነር መድረክ ላይ ኃይለኛ ነበሩ። ሃኔት ጉልበታችንን ወሰደብን ብለው ተናደዱ። ሁክ ከዓመታት በኋላ ነው ጥሩ ሥራ ነበር ያለው። እና ሃኔት በጉልበቱ ፋንታ ምን አስገባ? ባዶ ቦታ። ድራሙ አንድ ይመታል፤ ከዚያ ማሚቶው ብቻውን ይሄዳል። እዚያ መሀል ምንም የለም። ያ ባዶነት ካልተሰማህ አልበሙን አልሰማኸውም።

ደ፦ እኔ እኮ ባዶነቱን አልጠላሁም። የድሮው ሲዲ ግን ሲጀምር ቮሊዩም እስከ መጨረሻ ካላስኬድከው አይሰማም። አዲሱን ስከፍተው ባሱ መጣ፣ ድራሙ ደረቴን መታኝ። ፎቶ ላይ አቧራ እንደ መጥረግ...

ሰ፦ እሷን «አቧራ» የምትለዋን ነገር ተው። ሪማስተር ምን እንደሆነ ሳንነጋገር አቧራ ጠረገ አትበለኝ።

ደ፦ በይ ንገሪን፣ እታለም።

ሰ፦ ሪማስተር እንደገና መቀላቀል አይደለም። ጊታሩን ለብቻ፣ ድራሙን ለብቻ አምጥተህ የምታስተካክል ከሆነ እሱ ሪሚክስ ነው። ሪማስተር የሚሠራው ተቀላቅሎ ያለቀው ቴፕ ላይ ነው። ባሱን ላንሳ ካልክ እዚያው ክልል ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮት ይነሳል። ሃኔት ራሱ በ1991 ሞቷል፤ «እንዲህ ነበር ያሰብኩት» የሚል ሰው ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም።

ደ፦ እሺ፣ ከፍ ማለቱስ? ከፍ ማለት ምን ችግር አለው?

ሰ፦ ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። በድምፅ መለኪያው ዜሮ ዲሲብል ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ መሄድ የለም። ታዲያ ዘፈኑ ከጎረቤቱ ዘፈን በላይ እንዲጮህ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? ጫፍ ጫፉን ይጨፈልቅና የቀረውን በሙሉ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሊሚተር የሚሉት መሣሪያ ሥራው ይኼ ነው። መጀመሪያ የሚጨፈለቀው የድራሙ ምት ነው። ድምፁ ዝቅ ያለበት ቦታ ደግሞ ይነሳል። የሃኔት ባዶ ቦታ ሞላ ማለት ነው።

ደ፦ የሮክ ባንዱ የሜታሊካ ነገር ትዝ አለኝ።

ሰ፦ እሱማ ዋናው ምሳሌ ነው። በ2008 የወጣው «ዴዝ ማግኔቲክ» ከመጨፍለቁ የተነሳ ይሰነጣጠቃል። አድናቂዎቹ ያው አልበም ጊታር ሂሮ በሚባለው ጌም ውስጥ ያን ያህል ሳይጨፈለቅ ገብቶ አገኙት። ሲዲ ገዝተው ሲያበቁ የጌሙን ቅጂ ማዳመጥ ጀመሩ።

ደ፦ ጆይ ዲቪዥን ግን እንደዚያ አልተበላሸም። እውነቱን እንናገር።

ሰ፦ እንደዚያ አልተበላሸም፤ እስማማለሁ። መስማት የሚከብድ ነገር የለውም። ብዙ አድናቂዎች ግን ከድሮው ሲዲ ይልቅ ጮክ ያለና የተጫነ ነው ይሉታል፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ደ፦ ጮክ ያለ ነው ያሉትን ያህል «ጥርት አለ» የሚሉም አሉ እኮ።

ሰ፦ ጆሮ ሲያታልል እንደዚህ ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫውትልህ፣ ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ ባደርገው፣ «ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው» ትለኛለህ። ዘፈኑ ግን ያው ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 አሳይተውታል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ባሱን በደንብ አይሰማም፤ ከፍ ሲል ባሱም ቀጭኑም ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ከማወዳደርህ በፊት ድምፃቸውን እኩል አድርግ። ካላደረግክ የምታወዳድረው ቮሊዩም ነው።

ደ፦ ለአድማጮቻችን ልንገር፤ ይቺ ልጅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ ፈትናኛለች።

ሰ፦ አላሰርኩህም እኮ!

ደ፦ ሁለቱን ቅጂ ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አስገብታ ድምፃቸውን እኩል አደረገችው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም። ባሱ ብቻውን የሚሄድባቸው ቦታዎች ላይ አዲሱን መረጥኩ። አሁንም እመርጠዋለሁ፤ ባሱ ሥጋ አለው። ድራሙ ብቻውን የሚመታባቸው ላይ ግን የድሮውን ነው የመረጥኩት።

ሰ፦ ለምን?

ደ፦ ምቱ ይዘላል። አዲሱ ላይ ምቱ አለ፣ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይኼን ብዬ ግን አልተሸነፍኩም። አንቺ የምታዳምጪው ቤት ተቀምጠሽ በትልቅ ጆሮ ማዳመጫ ነው። እኔ የማዳምጠው ባጃጅ ውስጥ ነው። ከዓባይ ማዶ እስከ መናኸሪያ ሞተሩ ይጮሃል፣ መንገዱ ይጮሃል። የድሮው ሲዲ ላይ ያ ባዶ ቦታሽ ሲመጣ እኔ የምሰማው የባጃጁን ሞተር ነው። አዲሱ ግን ይሰማል። ሥራውን ይሠራል።

ሰ፦ ይቺን ልቀበልህ። ለባጃጅ የሚሆን ማስተር ነው በለው።

ደ፦ ቀልድ አይደለም! አብዛኛው ሰው እንደኔ ነው የሚያዳምጠው።

ሰ፦ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። አሁን የምታዳምጠው በስትሪሚንግ ከሆነ አፑ ራሱ ድምፁን እኩል ያደርገዋል። ስፖቲፋይ ሁሉንም ከጣሪያው በ14 ላውድነስ ዩኒት (የጩኸት መለኪያ ነው) ዝቅ ወዳለ አንድ ደረጃ ያመጣዋል። የጮኸው ዘፈን ዝቅ ይደረጋል። ጩኸቱ ይጠፋና ጭፍለቃው ብቻ ይቀራል። ስልክህ ላይ ኖርማላይዜሽን የሚለውን አጥፍተህም አብርተህም ሞክረው።

ደ፦ እኔ ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ላይ አስጭኜ ነው የምሰማው። እዚያ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚሰጡሽ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ሰ፦ እሱን አታንሳው! ፋይሉ ራሱ ተጨምቆ ተጨምቆ ካለቀ፣ ስለ ሪማስተር መከራከር ምን ያደርጋል? አድማጫችን ግን ሲዲ ነው ያለው፤ ደህና ነው።

ደ፦ የኛስ ካሴቶች? ኃይሉ መርጊያ በ1985 የሠራው «ሸሞንሟናዬ» አለ አይደል? አኮርዲዮኑ፣ ሙግ የሚባለው ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽኑ። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ያገኘው እዚችው ባሕር ዳር ነው። አወሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው ሙዚቃ አሳታሚው በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። ሰው አዲሱን ሲሰማ «ሽሽሽ» የሚለው የቴፕ ድምፅ ለምን አልጠፋም ብሎ ያማርራል።

ሰ፦ እንኳን አልጠፋ! ያን «ሽሽ» በኮምፒውተር አጥፋው ስትለው የማሚቶውን ጭራም አብሮ ይቆርጠዋል። ማሚቶው እየደከመ ሄዶ ሄዶ የሚጠፋው እዚያው ሽሽታ ውስጥ ነው። በገናን ተመልከት። ጅማቱ ሥር የሚገባችው ቁራጭ ቆዳ ናት ያን ዝዝዝ የሚለውን ድምፅ የምታመጣው። «ይኼ ረብሻ ነው» ብለህ ብታወጣት ምን ይቀርሃል?

ደ፦ ክራር።

ሰ፦ (ሳቅ) መጥፎ ክራር!

ደ፦ እሺ፣ ሃኔት ላይም ያው ነው የምትይው።

ሰ፦ ሃኔት ላይ ይብሳል። የሱ ማሚቶ ጌጥ አይደለም፤ ዘፈኑ ነው። ሪማስተር ያደረጉት ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ምናልባት ሁክና ሰምነር ያኔ የፈለጉትን ጉልበት መመለስ ነው የፈለጉት። ግን ያ ጉልበት ቴፑ ላይ አልተቀዳም። ያልተቀዳውን በሊሚተር አታመጣውም።

ደ፦ ታዲያ ለደብረ ማርቆሱ ልጅ ምን እንበለው? ጆሮው ነው ወይስ ሲዲው?

ሰ፦ ሲዲው ነው። እስከ መጨረሻ አልዘልቀውም ያለው ትክክል ነው፤ እረፍት የሌለው ድምፅ ያደክማል። ለማዳመጥ የድሮውን ይያዝ። ግን አዲሱን እንዳይጥለው! የ2007ቱ ሁለተኛ ዲስክ አለው፤ ሐምሌ 1979 ማንችስተር ውስጥ መድረክ ላይ የተጫወቱት። አልበሙ በወጣ በወሩ ገደማ ማለት ነው። ልጆቹ «ሃኔት ወሰደብን» ያሉት ጉልበት እዚያ አለልህ።

ደ፦ የሱ ቀረጻ ግን ሻካራ ነው እኮ።

ሰ፦ ሻካራ ነው። ድምፁ ከስቱዲዮው አልበም ጋር አይወዳደርም። ጊታሩ ግን ይነክሳል።

ደ፦ እንግዲያ እኔ ሁለተኛውን ዲስክ ሚሞሪዬ ላይ አስጭነዋለሁ። ለባጃጅ እሱ ይሻላል።

ሰ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። ሳምንት እንገናኝ፣ መብራት ካለ።