የኬዳርናት ቋጥኝ

እሺ... ደግሞ ድንጋይ ጀመረ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ዛሬም ድንጋይ ነው። ያ ሕንድ ውስጥ፣ ሂማላያ ላይ፣ ቤተ መቅደስን ከጎርፍ ያተረፈው ቋጥኝ፤ ባለፈው ስጽፍበት «ተአምር ነው» «አጋጣሚ ነው» ብላችሁ የተናቆራችሁበት። እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ያንን ጠዋት እንደገና እንየው። በፈረንጆቹ ጁን 17፣ 2013። ከኬዳርናት፣ ከሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ፣ በላይ የቾራባሪ ሐይቅ አለ። ውኃውን ያቆረው የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመረው ልቅ ድንጋይና አፈር ነው። መውጫ የለውም፣ እየሰረገ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ዝናቡ ያን ዓመት ከጊዜው ቀደመ፣ ያልሟሟ በረዶ ላይ ወረደ፣ አሟሟው። የሚገባው ከሚሰርገው በለጠ። ክምሩ ተናደ፣ ሐይቁ በደቂቃዎች ተንጠፈጠፈ። የወረደው ደግሞ ውኃ ብቻ አይደለም፣ ጭቃና አለት ነው። ከዚያ አንዱ ቋጥኝ ተንከባሎ መጥቶ ልክ ከመቅደሱ ጀርባ ቆመ። ጎርፉ ለሁለት ተከፈለ። ግራና ቀኝ ያለው ቤት ሄደ፣ መቅደሱ ቀረ። ቋጥኙን ዛሬ «ቢም ሺላ» ብለው ይሰግዱለታል።

ኬዳርናት ባለበት የሕንድ ግዛት፣ በኡታራክሃንድ፣ ከ5 ሺህ ሰው በላይ ሞቷል ወይ ጠፍቷል። እኔ ስለ ቋጥኝ...

እና መልሰው ገነቡ። ቦታው 3,583 ሜትር ላይ ነው፣ መኪና ከታች ጋውሪኩንድ የምትባል መንደር ላይ ያበቃል፣ ከዚያ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር። ከባዱ ማሽን በግዙፍ ሄሊኮፕተር ነው የወጣው። አሁን አስቡት፣ በበረዶው ወራት ኮንክሪት ብትሞላ ገና ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዝና ይሰነጥቀዋል። መቅደሱም ያኔ ይዘጋል፣ የአምላካቸውን ምስል ከታች ወዳለችው ኡኪማት ያወርዱታል። ስለዚህ ኮንክሪት ለመሙላት የሚመቸው ምእመኑም ዝናቡም በሚመጡበት ወቅት ነው!

ከመቅደሱ ኋላ ሦስት እርከን ግንብ አቆሙ። ቋጥኙ አንዴ የሠራውን በእጅ መድገም ነው፣ መሰለኝ። ጥሩ ነው... ለዚያ መጠን ጎርፍ ከሆነ።

በ2025 ደግሞ የገመድ መኪናው ጸደቀ። ከጋውሪኩንድ ዝቅ ብላ ካለችው ከሶንፕራያግ እስከ ኬዳርናት 12.9 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 1,800 ሰው። የስምንት ዘጠኝ ሰዓቱ መንገድ 36 ደቂቃ ሊሆን ነው። ጉልበታቸው ለደከመ እናቶች ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ሰውነት በ36 ደቂቃ ከፍታውን አይለምድም፤ ራስ ምታት ነው፣ ሲብስ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ቀስ ብሎ መውጣቱ ራሱ መድኃኒት ነበር። ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ወርዶ የሚቆመው የት ነው? ከተማው የተቀመጠው ግግሩ ትቶት በሄደው ኮረት ላይ ነው እኮ። ወይ ምናልባት ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ከወረደ እዚያ የሚያድረው ይቀንስ ይሆናል... እሱም ያስኬዳል። ሰውና ዕቃ ተሸክመው የሚወጡት በቅሎዎችም ያርፋሉ።

በቅሎዎቹን ደግሞ... ቆይ፣ የበቅሎ ጫኚዎቹስ እንጀራ? እሱን ሳላስበው ነው እዚህ የደረስኩት። አይ፣ እሱ ለብቻው...