ዜናውን ሲቀንሱበት ወንበሩን የለቀቀው ሰው

ሄኖክ፦ እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ሰውዬ ኤይደን ክራውሊ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል ነበር፣ በኋላ የአይቲኤን የመጀመሪያው ዋና አዘጋጅ ሆነ። አይቲኤን ለእንግሊዝ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዜና የሚሠራው ድርጅት ነው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

ቤቲ፦ ስሙን ካንተ ነው የሰማሁት።

ሄኖክ፦ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቆይ ግን፣ ስለሱ ከማውራቴ በፊት ስለ ቻታዌይ ልንገርሽ።

ቤቲ፦ ገና ሳንጀምር ሌላ ሰው?

ሄኖክ፦ ስሚኝ። 1955 ላይ ክራውሊ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ዜና የሚያቀርብ ሰው ይፈልጋል። ማንን መረጠ መሰለሽ? ሯጭ! ክሪስቶፈር ቻታዌይን፣ የ5 ሺህ ሜትር ሯጩን።

ቤቲ፦ አትለኝም!

ሄኖክ፦ ወላሂ። ሮጀር ባኒስተር ኦክስፎርድ ላይ አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች ሲገባ፣ ግንቦት 1954 ማለት ነው፣ ፊት ፊት እየሮጡ ከጎተቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። እዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ለንደን ውስጥ ከሶቪየቱ ቭላዲሚር ኩትስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጦ፣ መጨረሻው ላይ ቀደመውና የዓለም ሪከርድ ሰበረ። 13 ደቂቃ ከ51.6 ሰከንድ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው!

ቤቲ፦ ቀነኒሳ ግን 12፡37...

ሄኖክ፦ 12፡37.35! ሄንግሎ፣ 2004። ሪከርዱ 16 ዓመት ነው የቆየው። ግን የቻታዌይን በዚያ ዘመን መም እዪው። አመድ ላይ እኮ ነው የሚሮጡት!

ቤቲ፦ እሺ፣ ወደ ክራውሊ ተመለስ።

ሄኖክ፦ እየተመለስኩ ነው። አባቴ ማታ 2 ሰዓት ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ነግሬሻለሁ?

ቤቲ፦ ይኸው፣ ጠፋ!

ሄኖክ፦ አይ፣ ይገናኛል። የዜናው ሙዚቃ ሲጀምር አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እኛ እራት እየበላን ከሆነ ማንኪያ እንኳ አይንኳኳም። አንዴ ትዝ ይለኛል፣ እማዬ ጉርሻ ዘረጋችለት፣ እሱ ጣቱን ቀስሮ «ቆይ» አላት፣ ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ አርዕስተ ዜናው እስኪያልቅ ጠበቀች። ወጡ በጣቶቿ መሀል ሲወርድ ይታየኛል።

ቤቲ፦ ውይ፣ እማዬን!

ሄኖክ፦ እና አባዬ ሁሌ ምን ይል ነበር፣ «ይሄ ልጅ የሚያነበውን ያውቀዋል፣ ያኛው ግን ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።» አንባቢና አቅራቢ ይለያያሉ ነው የሚለው። ክራውሊም ያለው ይሄንኑ ነው!

ቤቲ፦ እንዴት?

ሄኖክ፦ እስከ 1955 ድረስ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ዜና ሲነበብ የአንባቢው ፊት አይታይም ነበር። ድምፅ ብቻ። የፊቱ ሁኔታ የዜናውን ሚዛን ያዛባል ብለው ስለፈሩ። ቢቢሲ አንባቢውን ማሳየት የጀመረው አይቲኤን ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ክራውሊ የአሜሪካኖቹን አሠራር አምጥቶ፣ የሚያቀርበው ሰው ዜናውን ራሱ ይረዳ፣ በራሱ አነጋገር ይጻፈው አለ። መስከረም 22 ቀን 1955፣ በእኛ የሰዓት አጠራር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ቻታዌይ ቀረበ። በማግስቱ እኩለ ቀን ደግሞ ባርባራ ማንዴል ቀረበች። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዜና ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ቤቲ፦ በሁለተኛው ቀን! ይሄን አስቀድመህ መናገር ነበረብህ። ከሯጩ ይልቅ እኔን የገረመችኝ እሷ ናት።

ሄኖክ፦ የአይቲኤኑ ሮቢን ደይም አለ፣ ያ ባለሥልጣናትን በጥያቄ ያፋጥጥ የነበረው ጋዜጠኛ። መንገድ ላይ ወጥቶ ተራውን ሰው ማናገርም በነሱ ነው የተለመደው።

ቤቲ፦ ሰውዬው ራሱስ? ፖለቲከኛ ነበር አላልክም?

ሄኖክ፦ አዎ። የቄስ ልጅ ነው፣ 1908 የተወለደ። ክሪኬት ለኬንት ተጫውቷል፣ ጋዜጠኛ ነበር፣ ከዚያ አብራሪ። 1941 ሰሜን አፍሪካ ላይ አውሮፕላኑ ተመታና ጀርመኖች ማረኩት። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ምርኮኛ ነበር። አንዴ አምልጧል፣ ፖላንድ ውስጥ ሹቢን ከሚባል የጀርመኖች ካምፕ። ዋሻውን ከየት ጀምረው እንደቆፈሩት ታውቂያለሽ? ከሽንት ቤት!

ቤቲ፦ እግዚኦ።

ሄኖክ፦ ጠባቂ ገብቶ ቆሞ አይመረምርማ! ኢንስብሩክ ድረስ ደርሶ ነው የተያዘው፣ ኦስትሪያ። እንደተፈታ 1945 ላይ ቡኪንግሃም ከሚባል የምርጫ ክልል በሌበር ፓርቲ ተመረጠ፣ በሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በአትሊ መንግሥት የአየር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነ፣ 1951 የምክር ቤት ወንበሩን አጣ። ሚስቱ ቨርጂኒያ ካውልስ ደግሞ የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ሆና የዘገበች አሜሪካዊት ናት። የሷ ታሪክ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ቤቲ፦ እና አይቲኤን ስንት ዓመት ቆየ?

ሄኖክ፦ ዓመት? አራት ወር! ጣቢያዎቹ ገንዘብ እየከሰሩ ነበር፣ የዜናው ሰዓትና በጀቱ ይቀነስ አሉ። ጥር 1956 ላይ ለቀቀ። በቃ። እኔ ሰውዬውን የምወደው ለዚህ ነው። ዜናውን ሲቀንሱበት ወንበሩን ለቀቀ።

ቤቲ፦ እኔ ግን ቢቆይ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ቡድኑን ሰብስበህ አምጥተህ፣ አራት ወር ላይ ጥለህ መሄድ?

ሄኖክ፦ መልቀቁ እኮ ነው ጉዳዩን አደባባይ ያወጣው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዜናው በቀን ከ20 ደቂቃ እንዳያንስ አዘዘ።

ቤቲ፦ ሥራውን የሠራው ግን እሱን የተካው ሰው ነው።

ሄኖክ፦ ጄፍሪ ኮክስ፣ ልክ ነሽ። 1967 ላይ የግማሽ ሰዓቱን የማታ ዜና ያስጀመረው እሱ ነው። ግን ሜዳውን የደለደለለት ክራውሊ ነው።

ቤቲ፦ በከፊል እስማማለሁ። ከዚያስ?

ሄኖክ፦ ከዚያ... 1957 ሌበርን ተወ። 1962 በወግ አጥባቂዎቹ ተመርጦ ምክር ቤት ተመለሰ።

ቤቲ፦ አየህ! ይሄንን ደብቀህ ነው የቆየኸው።

ሄኖክ፦ አልደበቅኩም፣ አልደረስኩበትም ነበር! ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።

ቤቲ፦ ሐሳብ መቀየር ሌላ፣ ድምፅ የሰጡህን ሰዎች ተቀናቃኝ መሆን ሌላ። የቡኪንግሃም ሠራተኛ ምን ይበል?

ሄኖክ፦ በግልጽ ነው የወጣው፣ ያኔም ወንበር አልነበረውም። ግን ስሜትሽ ይገባኛል። እኔን ይበልጥ የሚከብደኝ የኋላው ነው። ለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን የሚባል የግል ጣቢያ ሲቋቋም ሊቀመንበር ሆነ፣ 1968 ሥርጭት ጀመሩ፣ ገንዘቡ አልመጣ አለ። 1969 ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ማይክል ፒኮክን አባረረው። ስድስት ኃላፊዎች ተከትለውት ለቀቁ። በዚህ ጊዜ ክራውሊ የተቀመጠው ከአባራሪዎቹ ወገን ነው።

ቤቲ፦ ለሱ የለቀቁለት ሳይሆኑ በሱ ላይ የለቀቁ።

ሄኖክ፦ አዎ። ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። 1956 ላይ እሱ ራሱ እንደነዚያ ስድስቱ ለቆ ነበር እኮ።

ቤቲ፦ እኔ ደግሞ ባርባራ ማንዴልን ላነብ ነው። ሯጩስ ምን ሆነ?

ሄኖክ፦ ቻታዌይ? ምክር ቤት ገባ፣ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ የግል ሬዲዮ እንዲከፈት ያደረገው እሱ ነው።

ቤቲ፦ ሯጩ?

ሄኖክ፦ ሯጩ!