ጸጥታው የመጣው ከድምፅ ጋር ነው

እንደምን አመሻችሁ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ልውሰድባችሁ። የዛሬው ፊልማችን እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራው «ፍራንከንስታይን» ነው። የጭራቁን ፊት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አለ። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ በጆሮ ስለሚገባ ፍርሃት ነው።

«ድምፅ አልባ ፊልም» ሲባል አዳራሹ ጭር ያለ ይመስለናል። እንደዚያ አልነበረም። ስክሪኑ ሥር ፒያኖ የሚመታ ሰው ይቀመጣል፤ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ሙሉ ኦርኬስትራ ነበራቸው። ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ሙዚቃው ቀድሞ ይነግራችኋል። በ1927 ንግግር የሚሰማበት ፊልም «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጣ፤ ሆሊውድ ፊቱን ወደ ድምፅ አዞረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እነዚያ ሙዚቀኞች ከሥራ ወጡ። ሲኒማ ቤት ውስጥ እውነተኛ ጸጥታ የተሰማው ያኔ ነው። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ይህንን ጸጥታ ወዲያው ያዘው።

በ1931 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ «ድራኩላ»ን አወጣ። መክፈቻው ላይ የቻይኮቭስኪ ሙዚቃ አለ፤ ከኦፔራ ቤቱ ትዕይንት በቀር ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። በር ሲጥ ይላል። ተኩላ ይጮኻል። ከዚያ ድራኩላን ሆኖ የሚጫወተው የቤላ ሉጎሲ ድምፅ ይመጣል። ሉጎሲ ሃንጋሪያዊ ነው፤ እንግሊዝኛውን እየጎተተ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ይናገራል። በዚያ ዘመን ቅላፄያቸው እንጀራቸውን ያሳጣቸው ተዋንያን ነበሩ። ለእሱ ግን ያው ቅላፄ እንጀራ ሆነው።

በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ «ኤም» የተባለውን ፊልሙን አሳየ። ሕፃናትን የሚገድል ሰው ታሪክ ነው። መጀመሪያ የምናገኘው ጥላውን፣ ድምፁንና ፉጨቱን ነው። በኋላ የሚያጋልጠውም ያው ፉጨት ነው፤ ለይቶ ያወቀው ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው! ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ዓለም «ፊልም ተናገረ» እያለ ሲደነቅ፣ ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል የራሱን ጭራቅ አፍ ዘጋ። ጭራቁን ሆኖ የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ያጉረመርማል፣ ይቃትታል እንጂ አንዲት ቃል አይወጣውም። የተዋናዩ ስም እንኳ መክፈቻው ላይ የለም፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት ነው ያለው።

አመጣጡን በደንብ ተመልከቱልኝ። መጀመሪያ የምትሰሙት ኮቴ ነው። ከባድ፣ ዘገምተኛ። በሩ ይከፈታል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይገባል። ቀስ ብሎ ይዞራል። ካሜራው ዘሎ ይቀርበዋል፣ እንደገና ይቀርበዋል። ሙዚቃ የለም። «አሁን ፍሩ» የሚላችሁ የለም።

ከዚያ የጣሪያው መስኮት ይከፈትና ብርሃን ይወርዳል። ጭራቁ ቀና ይላል። እጆቹን ወደ ብርሃኑ ያነሳል፤ ሕፃን ልጅ «እቀፉኝ» ሲል እንደሚያደርገው። መስኮቱ ይዘጋል። እጆቹ ባዶ ይቀራሉ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም እንባ ይተናነቀኛል። እዚያ ላይ ቢናገር ኖሮ ይህ ሁሉ የሚበላሽ ይመስለኛል።

ሐይቁ ዳር ያለችውን ትንሽ ልጅም ታገኟታላችሁ። አበባ ትሰጠዋለች፤ አብረው ውኃው ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅ ልጅቷን ያነሳታል፤ እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ነው። ይህ ትዕይንት ለረጅም ዓመታት ተቆርጦ ነበር የሚታየው። እጁ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ይቆምና ቀጥሎ አባቷ ሬሳዋን ተሸክሞ ይመጣል። ሳንሱሩ አለዘብኩ ብሎ አባሰው፤ ተመልካቹ በመሃል የሆነውን ከዚያ የከፋ አድርጎ እንዲያስብ ተወው። ዛሬ የምናየው ሙሉው ነው።

በሉ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኙልኝ። መብራቱ ሊጠፋ ነው። ኮቴውን ስትሰሙ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አታናግሩት።