ሲዘንብስ?

እሺ። ለአባዬ ጓሯችን ውስጥ የማሰራለት ትንሽ የጎልፍ መጫወቻ አልቋል። ሰው ሰራሹ ሳር ተነጥፏል፣ ኳሷ የምትገባባቸው ቀዳዳዎችም ገብተዋል። አባዬ ገና ሳይነጋ ፓተሩን፣ ማለትም ኳሷን ወደ ቀዳዳው መምቻ ዱላውን፣ ይዞ ደጅ ነው። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን እትዬ አንድ ነገር ጠየቁኝና ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፣ ከታች ያሉት ጎረቤታችን። የእኛ ጓሮ ወደ ቀበና ወንዝ ቁልቁል ነው። የእሳቸው ማድ ቤት ደግሞ ከአጥራችን ስር።

ሰራተኞቹ ሲሊካ አሸዋውን በመጥረጊያ ወደ ሳሩ ውስጥ እያስገቡ ነበር። አሸዋው ለምንድነው ላላችሁኝ፣ ሳሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ምንጣፉም እንዳይነሳ ነው። ኳሷም በእኩል ትንከባለላለች። እና እትዬ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመው አዩ። ቆየት ብለው፣ "ልጄ፣ ሲዘንብ ውሃው የት ይገባል?" አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ቶሎ መለስኩ። "ምንጣፉ ከስሩ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው እትዬ። በዚያ ይወርዳል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጠጠር አለ። 10 ሴንቲ ጠጠር።"

"ከዚያስ?"

በቁጣ አይደለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ምን ተማርክ እንደሚባለው ነው። እኔም "ከዚያማ አፈሩ ይጠጣዋል" አልኳቸው። "ይሁን፣ አባትህን ደስ ካለው ጥሩ ነው" ብለው ገቡ። በቃ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱም አፈሩን አይቼዋለሁ። ከተቆፈረ በኋላ ፎርማኑ በኮምፓክተር፣ በአፈር መጠቅጠቂያው ማሽን፣ ሲደበድበው አጠገቡ ቆሜ ነበር። መደብደብ አለበት። ካልተደበደበ በክረምት ይሰምጣል፣ ኳሷም ሁሌ ወደ ሰመጠው በኩል ትሄዳለች። ከላዩ ጂኦቴክስታይል የሚባል ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ጠጠሩ ከጭቃ እንዳይቀላቀል። ከዚያ ጠጠሩ፣ ከዚያ የድንጋይ ዱቄት፣ ከዚያ በውሃ ልክ ማስተካከል። ሁሉም በደንቡ ነው የተሰራው። ግን እንደዚያ የተጠቀጠቀ አፈር ምን ያህል ይጠጣል?

ሂሳቡን ሰራሁት። ቦታው 4 በ6 ነው፣ 24 ካሬ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። የነሐሴ ዶፍ 20 ሚሊሜትር ከጣለ 480 ሊትር። ከሁለት በርሜል በላይ! ተዳፋቱ ደግሞ 2 በመቶ ነው፣ በ6 ሜትር 12 ሴንቲ ይወርዳል። ወዴት? ወደ እትዬ።

በእርግጥ ድሮም ውሃው ወደዚያው ነበር። ግን ድሮ የእማዬ ጌሾና ጎመን እዚያ ነበር። መደቡ ይይዘዋል፣ ቀስ እያለ ያሰርገዋል። አሁን ማን ይይዘዋል?

አባዬን ግን ብታዩት። በልጅነቱ ኦልድ ኤርፖርት ጎልፍ ሜዳ ካዲ ነበር። የሰው ቦርሳ ተሸክሞ፣ ኳሷ በየት በኩል እንደምትታጠፍ ለሌላ ሰው እየነገረ ነው ያደገው። አሁን ጉልበቱ እዚያ ድረስ አያስኬደውም። ትናንት ጠዋት ከመምታቱ በፊት ምን አደረገ መሰላችሁ? ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ በርከክ አለ። መዳፉን ሳሩ ላይ ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ ቀዳዳው ሳበው። ተነሳ። ነካ አደረጋት። ኳሷ መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደች፣ ያልገባች መስላ፣ ከዚያ ታጥፋ ገባች። ቀዳዳው 10.8 ሴንቲ ነው ስፋቱ፣ የትም አገር ያው ነው፣ የትልልቆቹ ውድድር ላይም። ለራሱ ሲመታ ሳየው... እንጃ፣ አልቻልኩም፣ ወደ ቤት ገባሁ።

ለዚህ ነው ካፌ በረንዳ ላይ የሚነጠፈውን ሳር እምቢ ያልኩት። እሱ ረጅም ነው፣ 3 ሴንቲ ምናምን፣ ኳስ ይይዛል። የዚህኛው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። ከየት እንዳመጣሁት ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ውሃው። ፎርማኑን ጠየቅኩት። ከታች በኩል ቦይ ቆፍረን የተበሳ ቱቦ እንቅበር አለ። እሺ፣ ቱቦው የት ይፈስሳል? የመንገዱ ቦይ ከእኛ ጓሮ ከፍ ይላል። እንደገና "ከዚያስ" ሆነ።

ሌላው መንገድ ከታች አንድ ሜትር ቆርጦ መደቡን መመለስ ነው። ጌሾው ተመልሶ ይተከላል፣ እማዬም "የት እንትከለው?" ማለቷን ትተዋለች። ግን ሩቁ ቀዳዳ ያለው እዚያ ነው። አባዬ ደግሞ ከሁሉም እሱን ነው የወደደው።

አንድ ሜትር ይበቃል ወይ? እሱንም አላውቅም። ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር መወሰን አለብኝ። መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት መሰለኝ። ወይ ለእትዬ። ግን ለእትዬ ምን ብዬ...