ቢጫዋን መብራት አትሸፍኑብኝ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ ውድ የአውቶ መካኒክ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ደስታዬን ፊቴ ላይ አንብቡትና እኔ ወደ ንዴቴ ልግባ።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ መጣ። «በዝናብ ኩርባ ስዞር ኋላው ያመልጠኛል፤ ጎማም ቀየርኩ፣ አልተወኝም» አለኝ። ቁልፉን ስከፍት የዳሽቦርዱ መብራቶች እንደ ወትሮው በርተው ጠፉ። የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለባት ቢጫዋ ግን ጭራሽ አልበራችም። ዳሽቦርዱን ፈታነው። በጥቁር ናስትሮ ተሸፍናለች! ለካ ሰውዬው ሌላ ጋራዥ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመሪው ሴንሰር ዜሮው፣ መሪው ቀጥ ያለበት ነጥብ ማለት ነው፣ አልተስተካከለም፤ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተምም (ኢ.ኤስ.ሲ.) ራሱን ዘግቶ መብራቷን አበራ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰክተን ዜሮውን አስተካከልን፤ ቡናው ሳይፈላ አለቀ። ይህን ሥራ ነው በናስትሮ የሸፈኑት! ሰውዬው እኮ በዚያ መኪና ቤተሰቡን ጭኖ አባይ በረሃን ሊወርድ ነበር!

ተመራቂዎች ታውቁታላችሁ፤ ለወላጆች ስል ልድገመው። የመሪው ሴንሰር ሹፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ይናገራል። የየጎማው ሴንሰር ፍጥነቱን ይለካል። መኪናው አካል ላይ ያሉት ደግሞ መኪናው በእውነት ምን ያህል እየዞረ፣ ወደ ጎንም ምን ያህል እየተገፋ እንደሆነ ይመዝናሉ። ፍላጎትና እውነታ ከተለያዩ ኮምፒውተሩ ጣልቃ ይገባል። ኋላው ካመለጠ በኩርባው ውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ፣ ፊቱ ካመለጠ ደግሞ በውስጥ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። የትኛውም ሹፌር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በአንድ ፔዳል አንዱን ጎማ ለይቶ መያዝ አይችልም።

መርሴዲስና ቦሽ ይህን ለገበያ ያበቁት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ1997 ትንሿ የመርሴዲስ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ በድንገተኛ መታጠፍ ፈተና ተገለበጠች። ኩባንያው መጀመሪያ ነገሩን ሊያቃልለው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሲስተሙን በሁሉም ኤ ክላስ ላይ ገጠመ። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለቀላል መኪኖች፣ አውሮፓም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ አደረጉት። እነሱ በሕግ ያስገደዱትን እኛ በናስትሮ እናጠፋዋለን?

«ደንበኛው ራሱ ሸፍንልኝ አለኝ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እምቢ በሉት! ቁልፉን መልሱለትና ይሂድ።

የተላጨ ጎማን ግን ይህ ሲስተምም አያድነውም፤ ስለ ጎማ ክፍል ውስጥ በቂ ተጨቃጭቀናል። ወደ ሰርተፍኬቱ እንለፍ፤ አመሰግናለሁ።