ቀይ ያለበሳቸው ነጋዴ

ጤና ይስጥልኝ እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ። በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ጆን ዊትሰን ላወራችሁ ነው። ብሪስቶል ስንት ዓመት ኖረን ስሙን የማናውቅ ብዙዎች ነን። በኅዳር ወር አካባቢ ግን ቀይ ካባ የለበሱ ሴት ተማሪዎች በከተማው መሃል ተሰልፈው ሲያልፉ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ያን ቀይ ያለበሳቸው እሱ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ዊትሰን የተወለደው በ1550ዎቹ፣ ከሰቨርን ወንዝ ማዶ፣ ክሊርዌል በምትባል የገጠር መንደር ነው። ልጅ ሳለ ወደ ብሪስቶል መጣና ኒኮላስ ከት የሚባል የወይን ነጋዴ ቤት ሥራ ለመማር ገባ። ያኔ እንዲህ ነበር፤ ልጁ ጌታው ቤት ያድራል፣ ይበላል፣ ይታዘዛል፣ ዓመታት አገልግሎ ሙያውን ይዞ ይወጣል። ንግሥቲቱ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ናት። መርከቦቹ ጨርቅ ጭነው ወደ ስፔን ይሄዳሉ፣ ወይንና የወይራ ዘይት ጭነው ይመለሳሉ።

ጌታው ሲሞት ዊትሰን መበለቲቱን ብሪጅትን አገባ። ቤቱም ንግዱም በእጁ ገባ። ይህን የምነግራችሁ ላሳንሰው ብዬ አይደለም። ሀብቱ ከባዶ ተነስቶ ብቻውን ያፈራው ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ብሪጅትን አስታውሱት። በእርግጥ የተረከበውን አላባከነም፣ አበዛው።

ከዚያ ሹመቱ መጣ። በ1603 ከንቲባ ሆነ፣ በ1615 ደግሞ እንደገና። ፓርላማም ብሪስቶልን ወክሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀምጧል። በዚያው በ1603 ማርቲን ፕሪንግ የሚባለው መርከበኛ በብሪስቶል ነጋዴዎች ገንዘብ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ዊትሰንም ገንዘቡን ካዋጡት አንዱ ነበር። ፕሪንግ ዛሬ ማሳቹሴትስ በምንለው ጠረፍ አንዱን ወሽመጥ በዊትሰን ስም ጠራው። ስሙ አልዘለቀም። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በኅዳር 1626፣ ዊትሰን ሽማግሌ ሆኖ የሰዎች ክርክር እያየ ሳለ በፍርዱ ያልተደሰተ አንድ ሰው ቢላዋ መዞ ፊቱ ላይ ወጋው። ቢላዋው ጉንጩን በስቶ አለፈ። ሽማግሌው ግን ተረፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። የወለዳቸው ሴቶች ልጆቹ ደግሞ ቀድመውት ሞተዋል። እናንተ ወላጆች ናችሁ፣ ይህን ሳልዘረዝረው ትረዱታላችሁ።

ከአደጋው በኋላ በነበሩት ወራት ኑዛዜውን ጻፈ። በኑዛዜው ላይ 40 ድሆች ሴት ልጆች የሚያድጉበት ቤት እንዲቋቋም አዘዘ። የሞቱ ወይም የደኸዩ የብሪስቶል ዜጎች ልጆች ናቸው። የምታሳድጋቸው ጨዋና ትጉህ ሴት ትሁን አለ፤ እንግሊዝኛ ማንበብና ልብስ መስፋት ይማሩ አለ፤ ቀይ ጨርቅም ይልበሱ አለ። ነጋዴ አይደል፣ የልብሱን ቀለም ሳይቀር ወሰነ! በ1629 ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ቤቱ የተከፈተው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1634 ነው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ማንበብ እንጂ መጻፍ አላለም። ሌላ ሰው የጻፈውን እንዲያነቡ ፈቀደ፣ የራሳቸውን ሐሳብ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ግን አላሰበበትም። የእጅ ሥራቸውም መተዳደሪያቸውን ለመሸፈን ነበር፤ እንደ ዛሬ ልጅ ቁጭ ብለው አልተማሩም። ይህን ሳልናገር ዊትሰንን ባሞግስ ልጆቹን እበድላለሁ።

ቢሆንም የነጋዴ ብልሃቱን ተመልከቱ። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ትቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ትውልድ በልቶ ይጨርሰው ነበር። እሱ ግን መሬቱን ነው ያሰረላቸው። የመሬቱ ኪራይ በየዓመቱ ይገባል፣ ልጆቹ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ብሪስቶልን ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጣት ቤቱ አልተዘጋም። በኋላ ከሌላ የሴቶች ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቅሎ ዛሬ ሬድሜይድስ ሃይ ይባላል። ዛሬ እዚያ ያሉት ሴት ልጆች ይጽፋሉ፣ ሳይንስ ይማራሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

የዊትሰን መቃብር ያለው ሴንት ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከብሪስቶል ድልድይ አጠገብ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ በበሩ ታልፋላችሁ። ኅዳር ሲመጣ ደግሞ ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና መንገዱ ዳር ቁሙ። ሰልፉ ሲያልፍ ከዚያ ሁሉ ቀይ ካባ መሃል የኛን ሰፈር ልጅ ብታዩ እጃችሁን አውለብልቡላት።

አመሰግናለሁ።