አቃቂ ስንደርስ ንገሪኝ

እሺ... እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት የቤት ኪራይ ወሬያችንን እጨርሳለሁ ብያችሁ ነበር። አልረሳሁትም፣ ግን ይቆየን። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ሌላ ነገር ላወራ ብሞክርም አፌ አይታዘዝልኝም። ደግሞ ቃሊቲ ባልኩ ቁጥር «መቼ ተፈታሽ» የምትሉኝ ልጆች፣ ዛሬን ማሩኝ። ሌላ ቀን አብሬያችሁ እስቃለሁ።

ሐሙስ ነው። ከሜክሲኮ የከተማውን ቀላል ባቡር ተሳፈርኩ። ሰዓቱን ታውቁታላችሁ፣ አስራ አንድ ተኩል አካባቢ፣ ሰው በሰው ላይ የሚቆምበት። ዝናብ ይዟል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኗል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የፖድካስታችንን ያለፈ ክፍል እየሰማሁ ነው፣ የት ጋ ልቁረጠው እያልኩ። ለገሃር ላይ አንድ አባት ገቡ። ጥቁር ኮት፣ እጅጌው ጫፍ የነጣ። በእጃቸው ሰማያዊ ፌስታል ይዘዋል፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥረውታል። አንድ ልጅ ተነሳና አስቀመጣቸው፤ ተባረክ አሉት። እኔ ከፊታቸው ብረቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ባቡሩ ሲነሳ በእጃቸው መስኮቱን ጠረጉና ወደ ኋላ ዞረው አዩ፣ ወደ ለገሃር፣ ወደ ድሮው ጣቢያ። እስኪሰወር ድረስ ዞረው ነበር።

ከዚያ ላንቻ፣ አደይ አበባ... ሳሪስ ላይ ይመስለኛል ክንዴን ነካ አደረጉኝ። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዬ አወጣሁ።

«ልጄ፣ አቃቂ ስንደርስ ንገሪኝ።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

በቃ። ይኸው ነው። «እሺ አባባ» አልኩና ማዳመጫዬን መለስኩ።

ባቡሩ አቃቂ አይደርስም። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ በየቀኑ እሳፈርበታለሁ። ከምኒልክ አደባባይ ይነሳል፣ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አቃቂ ከዚያ ወዲያ ነው፣ ሌላ ታክሲ ይዘው፣ ሌላ ሰልፍ ተሰልፈው። ታዲያ ለምን እሺ አልኩ? ለአራት ቀን ይህንኑ ነው የማመነዥከው።

አንዳንዴ እንዲህ ብዬ አስባለሁ። መታወቂያዬ ላይ «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ» ይላል። አንድ ላይ፣ አንድ ትንፋሽ። ደብዳቤ ስጽፍ፣ ፎርም ስሞላ፣ አቃቂ ቃሊቲ። የተወለድኩት አቃቂ፣ የምኖረው ቃሊቲ፤ ሁለቱን ለይቼ አስቤያቸው አላውቅም። ሰውዬው አቃቂ ሲሉኝ ጭንቅላቴ ውስጥ «ክፍለ ከተማችን» ማለት ሆነ፤ መጨረሻው ጣቢያ ማለት ሆነ። እሳቸው ግን ክፍለ ከተማ አላሉም። አቃቂ ነው ያሉት። ከተማውን።

ምክንያቱም ከተማ ነበረች። ይህን ለልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም። አቃቂ የአዲስ አበባ ጫፍ አልነበረችም፤ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፣ አቃቂ በሰቃ የምትባል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ መንገደኛ የሚደርስባት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቃጫው፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ያለባት። አባቴ ከወሎ የመጣው አዲስ አበባ ብሎ አይደለም፣ አቃቂ ብሎ ነው። የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ቤታችን ውስጥ ሽሮው ይወጣል፣ እማዬ ሰዓት አታይም ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ንጉሡ ለውጭው ዓለም የተናገሩበት የሬዲዮ ጣቢያም አቃቂ ነበር። ጄኔቭን፣ ለንደንን ያናገረ ቦታ። ዛሬ ከለገሃር ለሚመጣ አንድ ሽማግሌ እንኳ... ቆይ፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

እማዬ አንድ ክላሰር አላት፣ ታውቁታላችሁ፣ የማይከፈተው ሳጥን ውስጥ ያለው። ዓርብ ዕለት እንቅልፍ ስላጣሁ አወጣሁት። የሕይወታችን ማህተም ሁሉ እዚያ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 1967 ሲወጣ ቀበሌ የሚባል ነገር መጣ፤ የታችኛው ወረቀት የዚያ ዘመን የኪራይ ደረሰኝ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ቀለሙ ወደ ቡና የተለወጠ። ያኔ አዲስ አበባ 25 ከፍተኛ፣ ማለትም ከቀበሌ በላይ ያለ አስተዳደር፣ እና 284 ቀበሌ ነበረች፣ እኛ ግን ሌላ ከተማ ነን። ከፍ ሲል ወረዳ የሚል ማህተም ይመጣል፣ አቃቂ አዲስ አበባ ውስጥ ገብታለች። ከዚያ 1995፣ ክፍለ ከተማ። 10 ክፍለ ከተማ ሲቋቋም የእኛው አቃቂ ቃሊቲ ተባለ። ከዚያ ቀበሌው ቁጥሩ ይቀየራል፣ ከዚያ ቀበሌው ይቀርና ወረዳ ይሆናል። 2013 ላይ ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆነናል። እኛ ከዚህ አካባቢ አልተነቃነቅንም፤ ማህተሙ ነው በላያችን የተቀያየረው። እማዬ ግን እስካሁን «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ነው የምትለው። አርሜያት አላውቅም። ለምን አርማታለሁ? የገባችበትን ቤት እኔም አውቀዋለሁ፣ ያው ቤት ነው፣ ያው በር፣ ያው የተሰነጠቀ ደረጃ።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አቃቂ ብቻዋን ናት። ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን የተጻፈችበት አንድም ወረቀት የለም።

እንዴ፣ ግን ይህ ሰበብ ነው። እውነት ለመናገር ሰበብ ነው። ክፍለ ከተማ ምን አደረገ፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው። ጆሮዬ የራሴን ድምፅ እየሰማ ነበር።

እሺ፣ ወደ ቃሊቲ ልመልሳችሁ። ባቡሩ ቆመ፣ ሰው እየተገፋፋ ወረደ። እሳቸው ተቀምጠዋል። ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኔን ያያሉ፣ ልነግራቸው እየጠበቁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሆዴ ወደቀ።

«አባባ፣ ይውረዱ፣ ማለቂያው ነው።»

«አቃቂ ነው?»

«ቃሊቲ ነው።»

«አቃቂስ?»

«እዚህ ነው የሚያቆመው አባባ። ከዚህ በታክሲ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ድሮ እኮ አልፎ ይሄድ ነበር» አሉ። እንዲሁ፣ ለራሳቸው። «ቤቴ ከጣቢያው ጀርባ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል ነው የገባው። 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ አዳማን፣ ሞጆን፣ ቢሾፍቱን፣ ዱከምን አልፎ፣ አቃቂ፣ ከዚያ ለገሃር። ከለገሃር የተሳፈረ ሰው አቃቂ በሩ ላይ ይወርድ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ሐዲዱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የሚመጣውን ሰምቻለሁ፣ አባቴ ቢያየኝ ይገርፈኝ ነበር። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ያ ባቡር ቆመ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር 752 ኪሎ ሜትር ነው፣ በለቡ በኩል ይወጣል፣ የሰፈራችንን ሰው በሩ ላይ አያወርድም። የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ሲጀምር ያ ደስታችን! እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ጉዳይ ደርሼ ተመልሻለሁ። 2 ብር፣ 4 ብር፣ 6 ብር ነበር ቲኬቱ። ሁለቱ መስመር አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር፣ 41 ባቡር። በኋላ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ፤ የቀሩት ናቸው እንዲህ ሰው በሰው ላይ የሚጭኑን። እኔ ግን አልረግመውም። ባይኖር ሳሪስ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነበር የማረጀው።

ብቻ አንድ ነገር ልበል። ሽማግሌው ለገሃር ገብተው «አቃቂ» ሲሉ አልተሳሳቱም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ልክ ነበር። ዞረው ያዩት ያንን ጣቢያ ነው፣ ከዚያ የሚነሳ ባቡር አቃቂ ይደርስ ነበር። ሐዲድ አዩ፣ ባቡር አዩ፣ ተሳፈሩ። ስማችን አቃቂ ቃሊቲ ነው፤ ባቡራችን ቃሊቲ ላይ ሲደርስ ስማችን ግማሽ ላይ ይቀራል። ሲሠሩት ማንም ይህን አላሰበም ልል አልችልም፣ ብር ነው፣ መሬት ነው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነገር ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ማቆም አለበት። ይገባኛል። ወደ 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ክፍለ ከተማችን፣ ማን ሁሉንም ያዳርሳል። ይገባኛል እኮ። ግን ውሃውስ? ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓድ ይወጣል፤ ከተማው ያጠበበት ደግሞ በትልቁ አቃቂና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ተመልሶ ወደ እኛው ይወርዳል፣ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ። ውሃው መንገዱን አላጣም። ሰውዬው ናቸው ያጡት።

ተናደድኩ። ይቅርታ። ስለ ራሴ እያወራሁ ነበር።

ወረድን። ዝናቡ በርትቷል። ክንዳቸውን ይዤ ነበር፣ ቀጭን ነው፣ ኮቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የታክሲው ሰልፍ ተጣጥፎ ተጣጥፎ መንገዱን ሞልቶታል። ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ሁሉም ባንዴ። አንዱ ሰልፍ ጫፍ ላይ አቆምኳቸውና «እዚህ ይሰለፉ አባባ፣ አቃቂ ነው» አልኩ። ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት፣ እንዳይርስባቸው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ያሳድግሽ» አሉኝ። እኔ ባጃጅ እየጠበቀኝ ነበር፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ «ነይ እንጂ» ይላል። ሄድኩ።

ባጃጁ ሲዞር ያየሁት ነገር ነው። የሰልፉ ራስ ላይ የቆመው ሚኒባስ ረዳት «ኮዬ ፈጬ፣ ኮዬ፣ ኮዬ» የሚል መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። ዝናብ ነበር፣ ሁለት ሰልፍ ጎን ለጎን ነበር፣ ከጀርባው የአቃቂው ሊሆን ይችላል። ረዳቱ ወደ ሌላ ሰው ተጣርቶ ሊሆን ይችላል። «አቁምልኝ» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ከዚያ... እንደሚጠይቁ፣ ሰው እንደሚነግራቸው፣ ተራ አስከባሪው እንደሚያያቸው አሰብኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሽማግሌን ሰው አይጥልም አልኩ። ይህን ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ።

ኮዬ ፈጬ አቃቂ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ብሎክ በብሎክ፣ ማታ ለለመደውም ይጠፋል።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሄጄ ቆሜያለሁ። ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ስንቱን ሽማግሌ ነው የማስታውሰው» አለኝ። ልክ ነው። ቅዳሜ ደግሞ አቃቂ ሄድኩ፣ ወደ ድሮው ጣቢያ። ሐዲዱ ሣር ውጦታል፣ አንድ ቦታ ላይ ልብስ ተሰጥቶበታል። ከጣቢያው ጀርባ ቤት ብዙ ነው። ሁለት በር ቆረቆርኩ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ስማቸውን አልጠየቅኩም። አቃቂ ድረስ ከእኔ ጋር የመጡ መስሏቸው ነበር፣ ስማቸውን አልጠየቅኩም። «ጥቁር ኮት፣ ሰማያዊ ፌስታል» ስል አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ እዚህ ሽማግሌ ሁሉ ጥቁር ኮት ነው የሚለብሰው» አሉኝና ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ሠርተው ሞተዋል። ፎቶአቸውን አሳዩኝ። እሳቸው አይደሉም፣ በእርግጥ አይደሉም፣ ግን ፎቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

እዚያ ሰፈር የምትሰሙኝ ካላችሁ... አቃቂ፣ ጣቢያው ጀርባ። ሐሙስ ማታ በዝናብ ዘግይተው የገቡ አባት ካሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ገብተው እንደሆነ ብቻ። ፌስታሉ ውስጥ መድኃኒት ይመስለኛል የነበረው፣ ሲራመዱ የጠርሙስ ድምፅ ነበረው፣ ኪል ኪል የሚል፣ ሰልፉ ጋ ስተዋቸውም...